የቀኙ አክስል

ቅዳሜ ጠዋት አርዲስ ስቴንስሩድ ገላዋን ልትታጠብ የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ገለጥ ስታደርግ፣ ገንዳው ውስጥ የትራክተር አክስል፣ ጎማውን የሚያዞረው የብረት ዘንግ፣ ተጋድሞ አገኘች። ቁመቱ የገንዳውን ያህል ነው። አንዱን ጫፍ በቧንቧው በኩል አድርጎ፣ ጥርሳሙን ጫፍ ወደ ሳሙና ማስቀመጫው ዘርግቶ፣ ቅባት ማስለቀቂያ ዱቄት በተበጠበጠበት ውኃ ተውጦ፣ አልጋ እንደያዘ ሽማግሌ ተኝቷል። ከሥሩ የተነጠፈለት የእሷ ነጭ ፎጣ ነው፤ በቅናሽ በአሥራ አራት ዶላር ገዝታ እንግዳ ሲመጣ ብላ ያስቀመጠችው።

«ኦርሊን!» ብላ ተጣራች።

ወንድሟ ከወጥ ቤት ሆኖ «ገንዳው እንዳይጫር ፎጣ አንጥፌለታለሁ» ሲል መለሰ። ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበረው።

«ሰው የሚታጠብበት ነው እኮ!»

«እሱስ ምን እያደረገ ነው?»

አርዲስ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ወጥ ቤት ገባች። ኦርሊን ቀዩን ቆቡን ደፍቶ፣ የትራክተሩን የዕቃ መጽሐፍ ከቅቤ ሳህኑ ጋር አስደግፎ፣ የተጠበሰ ዳቦ እየበላ ነበር። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው። እርሻው ተሽጦ ከተማ ከእሷ ጋር መኖር ከጀመረ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ከእርሻው ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣ ልብስና የአባታቸውን ቀይ ትራክተር ብቻ ነው። ጋራዡ ለአንዲት ትንሽ መኪና የተሠራ ስለሆነ ትራክተሩ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከጎረቤት የጽጌረዳ አጥር አጠገብ ቆመ። በራሱ እየተነሣ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ሰፈሩን ሲዞር ማንም ምንም አላለም፤ እንዲያውም ልጆች እጃቸውን ያውለበልቡለት ነበር። በኋላ ግን የቀኝ የኋላ እግሩ አክስል ጥርሶቹ መሃል ላይ ተላጩና ኦርሊን ትልቁን ጎማ ፈትቶ በእንጨት ጉማጅ ላይ አቆመው። ያን ጊዜ አንዱ ጎረቤት ማዘጋጃ ቤት ስልክ ደወለ። ሐሙስ ዕለት የመጣው የማዘጋጃ ቤቱ ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም። ጫማውን ቅባት እንዳይነካበት እየተጠነቀቀ ትራክተሩን ዞሮ አየና ሕጉን ነገራቸው፤ በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ ከሆነ ተሽከርካሪ ነው፣ በግቢያችሁ ማቆም ትችላላችሁ፤ ካልተንቀሳቀሰ ቁርጥራጭ ብረት ነው። «ሰኞ እመለሳለሁ። እስከ መንገዱ ወጥቶ ከተመለሰ መልካም፤ ካልሆነ ጎታች መኪናው ይከተለኛል» አለ። በዚያ ምሽት ኦርሊን ለእራት ሲጠራም አልመጣም፤ አርዲስ በመስኮት ብታይ ትራክተሩን ተደግፎ ቆሟል። ያን ትራክተር ከወሰዱበት፣ ይህ ሰው ጠዋት ጠዋት ለምን ብሎ ከአልጋው እንደሚነሣ እሷ አልታያትም።

«መጽሐፉ ተሳስቷል» አለ አሁን ኦርሊን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይህን ለመናገር ድፍረት የጠየቀው ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጽሐፉ የትራክተሩን መለያ ቁጥር ፈልጎ፣ ለዚያ ቁጥር የሚሆነውን አክስል ለይቶ፣ ከከተማው ዳር አሮጌ ትራክተር እየፈታ ከሚሸጠው ከሃርላን ግቢ በመቶ ሰማንያ ዶላር ገዝቶ መጥቷል። ርዝመቱ ልክ ነው፣ ውፍረቱም ልክ ነው። ጥርሶቹ ግን ወፍራምና ጥቂት ናቸው፤ ውስጥ ያለው ማርሽ ደግሞ ቀጫጭንና ብዙ ጥርስ ነው የሚቀበለው። አልገባም። አክስሉ አሁን ጋራዡ ውስጥ ከበረዶ ማጽጃው አካፋ ጋር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«የግራውስ?» አለች አርዲስ፣ ሳታስበው ወንበር ስባ ተቀምጣ።

«የግራው ልክ እንደ መጽሐፉ ነው። ወፍራም ጥርስ።»

«እንግዲያው መጽሐፉ አልተሳሳተም። ቀኙ ነው የሌላ ቤት ልጅ።»

«ምን የሌላ ቤት ልጅ አለ! አባባ አዲስ ነው የገዙት። ከእሳቸውና ከእኔ በቀር እጁን ያስገባበት የለም።»

«ታዲያ ግራና ቀኙ ለምን አይመሳሰሉም?»

ኦርሊን ዳቦውን አኘከ። «አንቺ ልጅ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ አትጨቅጭቂኝ» አለ፣ ሆዱ ባዶ ያልሆነው እሱ ቢሆንም።

አርዲስ ለትራክተር ደንታ ኖሯት አያውቅም። ዕድሜዋን የሠራችው በጥርስ ሐኪም ረዳትነት ነው፤ የሰው አፍ ውስጥ ስታይ አንዱ ጥርስ ከጎረቤቱ ካልመሰለ፣ በተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ያስገባው የሚለው ጥያቄ ሳይመለስላት መቆም አትወድም። አሁንም ያው ነገር ያዛት። ሁለቱ ተጋግዘው አክስሉን ከገንዳው አውጥተው በጋዜጣ ላይ ካስተኙት በኋላ ኦርሊን ጋራዥ ሄደ፤ እሷ ተንበርክካ በገንዳው ዙሪያ የቀረውን ጥቁር ቀለበት ትፈገፍግ ጀመር። በውኃ መውረጃው ወንፊት ላይ የተላጠ ቀለም ተጠራቅሟል። አንዱን ቅራፊ በጣቷ አነሣችው። በአንድ ወገኑ ቀይ ነው። ገልበጥ ስታደርገው እንደ በሰለ ብርቱካን ሆነ።

ጋራዥ ድረስ ይዛው ሄደች።

«አንቲረስት ነው» አለ ኦርሊን ቀና ብሎ እንኳ በደንብ ሳያይ። «ዱሮ ዝገት እንዳይበላው ከቀለሙ በፊት የሚቀባው አንቲረስት መልኩ እንዲህ ነው። አባባ ሥራ ሲሠሩ አያጭበረብሩም ነበር።»

መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ቶሎ መጣ። አርዲስ ቅራፊውን በሸሚዟ ኪስ ከትታ ወደ ቤት ተመለሰች። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ሐኪሙ ጊዜው አለፈበት ብሎ የሰጣት፣ የጥርስ ቅርጽ የሚወሰድበት ሮዝ ሊጥ ነበራት፤ ሁለቱን ዓይነት ቀላቅለው ሲያሹት እንደ ጎማ ይጠነክራል። የተሰበረ የስኒ እጀታ የምትጠግነው፣ የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ የምታስተካክለው በእሱ ነው። አንድ የዓሣ ጣሳ አጥባ በሊጡ ሞላችው። የአክስሉ ጥርሶች መሃሉ ላይ ይላጩ እንጂ ጫፉ ላይ፣ ማርሹ በማይደርስበት በኩል፣ ገና ጤነኞች ናቸው። ያንን ጫፍ ቫዝሊን ቀባችና ጣሳውን ገፍታ አለበሰችው። «ክፈት፤ ንከስ፤ እንዳትንቀሳቀስ» አለችው ለብረቱ በልማድ፣ ከዚያ ራሷን ሰምታ ሳቀች። ሊጡ ሲጠነክር ቀስ ብላ ሳበችው፤ እያንዳንዱ ጥርስ ሮዝ ጎማው ላይ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ሰው የማይሸከመውን ብረት በእጅ ቦርሳ የሚያዝ አደረገችው።

የሃርላን ግቢ ከከተማው ማብቂያ፣ ከቺዝ ፋብሪካው ጀርባ ነው። በሩ ላይ «ቀይ ብቻ» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል፤ በዊስኮንሲን የዚህ ወገን ሰው ቀይ ሲባል የትራክተሩ ዓይነት፣ የባለቤቱም ወገን መሆኑን ለማወቅ ማብራሪያ አይፈልግም። ትራክተሮቹ ሆዳቸው ተዘርግፎ፣ በጎድናቸው ሣር በቅሎባቸው በረድፍ ቆመዋል። ሃርላንን ራሱን ከምድጃ የማይሰፋ ቢሮው ውስጥ ባለቤቱ የቋጠረችለትን የድንችና የሥጋ ቅቅል እየበላ አገኘችው። አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ ያኔም አፉ አያርፍም ነበር።

«አርዲስ ስቴንስሩድ! ጥርሴን ልትነቅይ ነው የመጣሽው?»

«የቀረህ ካለ።»

ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ሃርላን ማንኪያውን አስቀምጦ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤ ሮዙን ጎማ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው፤ ጣቱን አስገብቶ ዙሪያውን ዳሰሰ። መሳቅ ሲጀምር እሷ ስለ ሊጡ መሰላት።

«ይሄ እዚህ ግቢ የለም» አለ።

«መፈለግ እንኳ አልጀመርክም።»

«መፈለግ አያስፈልገኝም።» በሩ መዘጋቱን አየ፤ ከውጭ ከውሻው በቀር ማንም አልነበረም። «የብርቱካኖቹ ጥርስ ነው።»

ብርቱካኖቹ የሚባሉት የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ናቸው፤ ትራክተራቸው ብርቱካናማ፣ ቆባቸው ብርቱካናማ፣ የእህል ጎተራቸው ጣሪያ ሳይቀር ብርቱካናማ። አርዲስ ልጅ ሳለች በማኅበሩ አዳራሽ ደጃፍ ስታልፍ እንኳ በማዶው መንገድ እንድትሄድ ይነገራት ነበር።

«ቀይ ትራክተር ላይ ምን ይሠራል ታዲያ?»

«ስሚኝ፣ ይሄን ከኔ ሰማሁ እንዳትዪ። ፋብሪካው አንድ ነው። ቀዩንም ብርቱካናማውንም አንድ ቤት ነው የሠራው። ማኅበሩ በራሱ ቀለም ቀቡልኝ፣ በራሴ ስም ልሽጠው አለ፤ የኋላ ጥርሱንም ቀጠን አድርጋችሁ አብዙልኝ አለ። አጥንቱ፣ ቤቱ፣ ቡሎኑ ግን ያው ነው። አክስሉን ከነማርሹ አብረሽ ካስገባሽው በቀዩም ቤት ሰተት ብሎ ይገባል።»

«ይሄን ሰው ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል» አለ ሃርላን ማንኪያውን መልሶ እያነሣ። «የሚናገረው ነው የሌለው። እኔ አንድ ብርቱካናማ ቡሎን እዚህ ባስገባ አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ በሩን ይዘጋብኛል።»

«መቶ ሰማንያ ዶላሩን ለኦርሊን ትመልስለታለህ?»

«ቀይ ጠየቀኝ፣ ቀይ ሸጥኩለት።» ከዚያ ፊቷን አይቶ «እሺ፣ አክስሉን መልሺና እናያለን» አለ። ሸኝቷት እስከ መኪናዋ መጣ፤ በሩን ከዘጋችም በኋላ መስኮቱን ይዞ ቆየ። «ግን ማርሹን ማን ከፍቶ ነው ያስገባው? ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አባትሽ ብቻቸውን አልሠሩትም።»

አርዲስ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ወደ ቤት በሚወስደው በኩል አልታጠፈችም። በዚህች ከተማ የምታውቀው አንድ የብርቱካኖች ቤት ብቻ ነው፤ እሱም የእህቷ የኮሪን ነው።

አርዲስ በወር አንድ ጊዜ ለኦርሊን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄድኩ እያለች ወደዚያ ትሄዳለች። ኦርሊን ከኮሪን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገረው በአባታቸው ቀብር ላይ ነው፤ መነጋገር ከተባለ። «ወንበሩ የሰው ነው?» አለችው፤ «አይደለም» አላት። ነገሩ ከወተት አድማው ዓመት ይጀምራል። የማኅበሩ ሰዎች ዋጋው እስኪጨምር ማንም ወተት እንዳይሸጥ ብለው መንገድ ዘጉ፤ አባታቸው ልሸጥ ብለው ወጡ፤ ጋኖቻቸውን ከመኪናው ላይ እያወረዱ ጉድጓድ ውስጥ ደፉባቸው። ኦርሊን ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ከመኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም አየ። አባቱ አልተማቱም፣ አልተሳደቡም። ባዶዎቹን ጋኖች አንድ በአንድ አንሥተው፣ ክዳናቸውን ከሣሩ ውስጥ ፈልገው፣ ገጥመው መልሰው ጫኑ። ከደፉት ሰዎች አንዱ ሬይንሆልድ ድሮስት የሚባል ገበሬ ነበር። በዚያው መኸር ኮሪን የሬይንሆልድን ልጅ ኤልደንን አገባች። ከቤታቸው ማንም ወደ ሠርጉ አልሄደም። ኦርሊን ከሁለት ዓመት በኋላ ውትድርና ተጠርቶ ጀርመን አገር ሄደ፤ ሲመለስም አባቱ ያልረገጡትን ደጅ አልረግጥም ብሎ እስከ ዛሬ አልረገጠም።

የኮሪን ቤት ዙሪያውን አዳዲስ ቤቶች የከበቡት የዱሮ እርሻ ቤት ነው። መሬቱ ተሸንሽኖ ተሽጧል፤ የቀረው ቤቱና ከጀርባው ያለው ጎተራ ነው። አርዲስ እንደገባች የመጣችበትን ጉዳይ አላነሣችም፤ በዚያ ቤት ጉዳይ ከፓይ በፊት አይነሣም። ኮሪን ጎምዛዛ የሩባርብ ግንድ ተሞልቶ የተጋገረውን ፓይ ቆረሰችላት። ስለ ዝናቡ ተወራ፤ ሱቁ ቅቤን በስንት እንደሚሸጥ ተወራ፤ ስለ ኤልደን አዲስ የዳሌ አጥንት ተወራ። ኤልደን አራት እግር ያለው መደገፊያውን ከጎኑ አቁሞ ሁለተኛ ቁራጭ ሊወስድ ሲል ኮሪን ሳህኑን አራቀችበት።

«ሐኪሙ ክብደት አትጨምር ብሎታል» አለች።

«የሐኪሙ ሚስት ፓይ መጋገር አትችልም» አለ ኤልደን። አርዲስ ጣሳውን ከቦርሳዋ ስታወጣ ደግሞ፦ «ምንድነው ደግሞ ይሄ? የዝሆን ጥርስ ሰክተሽ ነው?»

አርዲስ ስለ ትራክተሩ፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ መጽሐፉ ነገረቻቸው። ሃርላን ያለውን ስትጨምር ባልና ሚስቱ ተያዩ። ያ አስተያየት ለአርዲስ አዲስ አልነበረም፤ ወላጆች ልጃቸው ፊት የሚተያዩት ነው። ኮሪን መጋረጃውን አስተካከለች፤ የተስተካከለ ነበር።

«ውጪ እንውጣ» አለች።

ጎተራው ውስጥ የሟቹ የሬይንሆልድ ብርቱካናማ ትራክተር ከነአቧራው ቆሟል። ከበላዩ፣ ከጣሪያው ወራጅ ላይ፣ በእህል ጆንያ የተጠቀለለ ረዥም ነገር በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ኤልደን በመደገፊያው እየተጎተተ መጥቶ የሰንሰለቱን ጎማ አዞረና ወደ ደረታቸው ቁመት አወረደው። ጆንያው ሲገለጥ በግራሶ የተለበደ አክስል ወጣ። ኮሪን ጫፉን በመጎናጸፊያዋ ጠረገች። አርዲስ ጣሳውን አቅርባ ገፋ አደረገችው፤ ጥርሳሙ ጫፍ እስከ ጣሳው ቂጥ ድረስ ሮዙ ጎማ ውስጥ ተንሸራትቶ ገባ፣ ጣት ቀለበቱን እንደሚያገኝ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልተወዛወዘም።

«መንታው ነው» አለች ኮሪን። «ሬይንሆልድ አንድ ያረጀ ትራክተር ለዕቃው ብለው ገዝተው ነበር፤ ሁለት አክስል ከነማርሹ ወጣላቸው። አንዱ ይሄ ነው። አንዱን አባባ ወሰዱት።»

አርዲስ ጣሳውን እንደያዘች ቆመች። ኮሪን ደግሞ እንደ ተጠየቀች ሁሉ፣ ብረቱን እየጠረገች፣ ቀስ ብላ ትናገር ጀመር። ኦርሊን ጀርመን አገር በነበረበት ጸደይ ነው። አባባ አጃ ሲዘሩ አክስሉ እርሻው መሃል ተሰበረ። የቀይ ትራክተር ነጋዴው ስድስት ሳምንት ጠብቁ አላቸው፤ ያን ያህል ከቆዩ አጃ የለም። ማንንም አልለመኑም። ሬይንሆልድ በመንገድ ሲያልፉ ትራክተሩ አንድ ጎኑን ደፍቶ ቆሞ አዩት፤ በማግሥቱም አዩት። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ጋ መኪናቸውን አቁመው «እኔ ጋ አለ፣ ና ውሰድ» አሏቸው። አባባ «ብርቱካናማ ነው» አሉ። ሬይንሆልድም «አጃው ቀለም አይለይም» አሏቸው።

«ስለ ወተቱስ?» አለች አርዲስ።

«ስለ ወተቱ አላነሡም። እስኪሞቱ ድረስ አንዳቸውም አላነሡም።»

«በማግሥቱ ማለዳ መጡ» አለ ኤልደን። «አባትሽ አክስሉን አዩትና፣ ይሄን በመንገድ ላይ ሰው እያየኝ አልጭነውም አሉ። ከመኪናቸው ቀይ ቀለም አወጡ። ይዘው ነው የመጡት! እዚሁ ጎተራ ውስጥ፣ እዚያች አግዳሚ ላይ አጋድመው ቀቡት።»

«ቀለም ደግሞ ቶሎ አይደርቅም» አለች ኮሪን፤ ድምፅዋ ትንሽ ተለወጠ። «ደጅ ላይ ብርድ ነበር። ይግቡ አልኳቸው። ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ወጥ ቤቴ ገብተው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ከሠርጌ በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። በየጥቂት ደቂቃው እየወጡ በጣታቸው ይነኩታል፤ ገና ነው ይላሉ፤ ተመልሰው ይቀመጣሉ። እስኪመሽ አልደረቀም። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ አጃ ሲዘራ ቀለሙ እንዴት ሆነ ብለው ይመጡ ነበር።»

«ቀለሙ ያለው ትራክተሩ ላይ፣ ትራክተሩ ያለው እሳቸው ቤት!»

«አዎ» አለች ኮሪን። «ማንም አላረማቸውም።»

አርዲስ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። ይህን ሁሉ ዓመት በሁለት ቤት መሃል እየተደበቀች ስትመላለስ አባቷ ቀድመዋት በዚያው መንገድ ተመላልሰዋል። ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጡባት። «ለምን አልነገራችሁንም?»

«ለኦርሊን እኔው ራሴ እነግረዋለሁ ብለው ነው። ልጁ ስለ እኔ ብሎ ተቆጥቷል፤ ሲመለስ አስቀምጬ እነግረዋለሁ አሉ። ተመለሰ። ከዚያ ድርቆሽ ደረሰ፣ ከዚያ በቆሎ ደረሰ። አባባ ታውቂያቸው የለ፣ ለመናገር ሁልጊዜ ሥራ ይበዛባቸው ነበር።»

አክስሉ ይወሰድ ተባለ፤ በዋጋም ያወራ የለም። ግን ማን ያነሣዋል? ኤልደን ራሱን መሸከም አቅቶታል፤ ኮሪን ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አርዲስም ብቻዋን አንዱን ጫፍ እንኳ ከሰንሰለቱ ማላቀቅ አልቻለችም። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ሦስቱ በብረቱ ዙሪያ ቆመው ተያዩ። የማንንም ስም አልጠሩም።

ቤት ስትደርስ ኦርሊን በተፈታው ጎማ ላይ ተቀምጦ አክስሉ የሚገባበትን ቤት አፍ በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ሁሉን ነገር አዘጋጅቷል፤ ቡሎኖቹ ተወልውለው በቡና ጣሳ ተደርድረዋል፣ ክሪኩ ቆሟል።

«ተገኘ» አለችው።

ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ፊቱ ላይ ብርሃን አየች። «የት?»

«ከወንዙ ማዶ። ኮሪን ጋ።»

ብርሃኑ ጠፋ። ወደ ጨርቁ ተመለሰ። «ሌላ ቦታ ይፈለጋል።»

«ነገ እሑድ ነው። ሰኞ ሰውዬው ይመጣል።»

«ይምጣ። ይውሰዱት።»

አርዲስ ሳትቀመጥ፣ ከኮሪንና ከኤልደን የሰማችውን ሁሉ ነገረችው፤ አጃውን፣ ሬይንሆልድን፣ አግዳሚውን፣ ያልደረቀውን ቀለም። ኦርሊን ስትጨርስ «አንቲረስት ነው» አለ። ጠዋት እንዳለው ዓይነት አልነበረም፤ የሚለምን ይመስላል።

አርዲስ ከመሣሪያ ሳጥኑ ስለት አንሥታ ወደ ግራው ጎን ዞረች፣ ወደማይወላውለው፣ እንደ መጽሐፉ ወደ ሆነው አክስል። ተንበርክካ ከጎማው ወጣ ባለው ጫፍ ላይ አንድ ጥፍር የሚያህል ቦታ ፋቀች። ከቀዩ ሥር ብረት ወጣ። ብረት ብቻ፣ ግራጫ።

«አባባ ሥራ ሲሠሩ አያጭበረብሩም ካልክ» አለች፣ «የግራውን አንቲረስት ለምን ዘለሉት?»

ኦርሊን ዞሮ መጣ። ጎንበስ ብሎ የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከጎረቤት ግቢ የሣር ማጨጃ ይጮሃል። ለእሷ ሳይሆን ለብረቱ የሚናገር ይመስል፣ «ስመለስ ቀኙ ጎን አዲስ ቀለም ነበር» አለ። «አስተውዬ ነበር። ጠየቅኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«የግራውን ፀሐይ በልቶት ነው አሉኝ።» ከአፍንጫው የወጣው ሳቅ ይሁን ሌላ አልታወቀም። «እኔም እሺ አልኩ። ፀሐይ አንድ ጎን ብቻ መርጦ ይበላል ብዬ፣ እኔ ቂል፣ እሺ አልኩ።»

ተነሥቶ ቤት ገባ። አርዲስ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሲከፈት ሰማች፤ ለረዥም ጊዜ አልተዘጋም። ሲወጣ እጁ እስከ ክርኑ ታጥቧል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ቀዩን ቆቡን ግን አላወለቀም። የመኪናዋን የኋላ ወንበሮች አጠፈና እንግዳ የሚጠብቀውን፣ አሁን ግን ጥቁር የሆነውን ፎጣ አነጠፈበት። ከዚያ ከሾፌሩ ጎን ገብቶ በሩን ዘጋ።

ድልድዩን ተሻገሩ። የኮሪን ቤት ደጅ ሲደርሱ ኦርሊን ወደ ቤቱ ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ጎተራው ሄደ፤ አርዲስ ተከተለችው። ኮሪን እዚያው ነበረች፣ ሰንሰለቱ ሥር፣ አርዲስ ከሄደች ጀምሮ ያልተነቃነቀች ትመስላለች። ኤልደን በአግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ኦርሊን ማንንም ሰላም አላለም። አክስሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፉ ሄደበት፣ ግራሶውን በጣቶቹ መሃል አሸው፣ ጥርሶቹን አየ።

«በየስንት ጊዜው ነው ግራሶ የምትቀቡት?» አለ።

«በየጸደዩ፣ አጃ ሲዘራ» አለች ኮሪን።

«በደንብ ተይዟል።»

«አባባ ነበሩ የሚቀቡት። ከእሳቸው በኋላ እኔ።»

ኦርሊን ራሱን ነቀነቀ። ኮሪን ወደ መደርደሪያው ሄዳ ከኋላ በኩል አንድ ትንሽ ጣሳ አወጣች፤ በክዳኑ ዙሪያ ቀይ ቀለም ፈስሶ ደርቋል፣ ብሩሹ ከላዩ በሽቦ ታስሯል። «ከአባባ የተረፈው ነው» አለች። «በቀይ ካልሆነ በመንገድ አልጭነውም ካልክ...»

ኦርሊን ጣሳውን ተቀብሎ በእጁ መዘነው። ከኪሱ ስለት አውጥቶ ክዳኑን ዙሪያውን ፈለቀቀ፣ ከፈተው፣ ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለው። የስለቱን ጫፍ ወደ ውስጥ ወጋ ሲያደርግ ድንጋይ እንደሚመታ ጠቅ አለ።

«ደርቋል» አለ።

ክዳኑን መልሶ ገጠመው፣ በመዳፉ ተጭኖ አጠበቀው፣ ከነበረበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በአክስሉ ወፍራም ጫፍ በኩል ቆሞ ጉልበቱን አጠፈ። አርዲስ ልታግዘው ስትቀርብ ኮሪን ቀድማ ሌላውን ጫፍ ይዛለች።

«ወገብሽን ሳይሆን እግርሽን» አላት ኦርሊን። «በሦስት።»

«ሦስት ሲባል ነው ወይስ ከሦስት በኋላ?» አለች ኮሪን፤ በልጅነታቸው የድርቆሽ እስር ሲያነሡ ሁልጊዜ የምትጠይቀው ነበር።

«ምን ጊዜም ያው አይደለሽ» አለ ኦርሊን፤ መቁጠርም ጀመረ።